እባክዎ ጉድለታችንን ይመልሱልን

ቀን፦ ስለ ቀኑ ከደብዳቤው ግርጌ ይመልከቱ

ለተከበሩ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሙከራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ በቂ ምክንያት ስለተስተካከለ ጉድለት አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየሳምንቱ አንድ ማሻሻያ ካልለቀቀ እንቅልፍ የማይወስደው ትጉህ መሥሪያ ቤትዎም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ ጽኑ እምነቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ከዓይኗ በስተቀር ደህና ናት። ኮምፒውተሬ እንኳ በእናንተ በጎ ፈቃድ አንዳንድ ቀን ደህና ይውላል።

እናንተ ዘንድ የምታወቀው «ውድ ሞካሪ» በሚለው ስም ነው። የምትልኩልኝ መልስ ሁሉ በዚህ አጠራር ስለሚጀምር፣ እናቴ ካወጣችልኝ ስም ይልቅ ለዚህኛው ፈጥኜ አቤት የምልበት ጊዜ መጥቷል። በሰፈሬ ደግሞ ጋሽ ሙከራ እባላለሁ። ይህን ያወጣልኝ ከቤታችን ሥር ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አንድ ቀን አዲስ የመላጫ ማሽን ከካርቶኑ እያወጣ «ጋሼ፣ መቼም ያልተሞከረ ነገር ይወዳሉ ብዬ ለእርስዎ አቆየሁት» ቢለኝ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ማሽኑ መሀል ላይ ስለቆመ ጢሜ በአንድ ወገን ብቻ ተላጭቶ ሲቀር፣ ስሙ ግን ሙሉ በሙሉ ጸደቀ።

ሙያዬ የጽሕፈት መኪና ጥገና ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያውን መኪና ፈታትቼ መልሼ ስገጥመው ጥቂት ብሎኖች ተርፈውኛል፤ መኪናው ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ብሎኖቹ ከመጀመሪያውም አያስፈልጉም ነበር የሚለውን አቋሜንም እስከ ዛሬ አልለወጥኩም። የጽሕፈት መኪና ከየቢሮው ሲወጣ ኮምፒውተርን በዚሁ መንገድ፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ ለራሴ አስተማርኩ። ስለዚህ «አዲሱን ሲስተማችንን ከሁሉም ቀድመው ይሞክሩ፤ የእርስዎ አስተያየት ለእኛ ውድ ነው» የሚለውን ማስታወቂያችሁን ሳይ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አስተያየቴን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ግብዣውን በአክብሮት ተቀበልኩ። በአንድ ባንክ የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራው ልጃችን «አባዬ፣ እንዲያው ለወጉ ነው እንደዚያ የሚሉት» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የተጻፈን ነገር እንደተጻፈ የማነብ ሰው ነኝ።

ከማስታወቂያው ሥር በደቃቅ ፊደል «ይህ የሙከራ ስሪት ስለሆነ በዋናው ኮምፒውተርዎ ላይ አይጫኑት» ተብሎ እንደተጻፈም አይቻለሁ። ዋና የሚባለው ሌላ ያለው ሰው ኮምፒውተር ነው፤ የእኔ አንድ ብቻ በመሆኑ ማስጠንቀቂያው እንደማይመለከተኝ ወዲያው ተረዳሁ። ልጄ ይህን ስትሰማ ስልክ ደውላ «በምንም ተአምር እንዳትጭነው!» አለችኝ። በዚያን ሰዓት ስክሪኑ ላይ የመጫኑን ሂደት የሚያሳየው መስመር ከግማሽ በላይ ሄዶ ስለነበር፣ ልዋሻትም ስላልፈለግሁ፣ «እሺ፣ ሁለተኛ አልጭንም» ብዬ ቃል ገባሁላት።

ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ማጥፊያው ቁልፍ። በመጀመሪያው የሙከራ ስሪት ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት ምልክት ከታች በግራ በኩል ነበር። እሱን በለመድኩ ማግስት ወደ ላይ ወጥቶ በቀኝ በኩል ተቀመጠ። በቀጣዩ ደግሞ አንድ የሰው ራስ የሚመስል ሥዕል ውስጥ ገብቶ ተደበቀ፤ ኮምፒውተር ማጥፋት የፈለገ ሰው የሌላ ሰው ራስ እንዲጫን ያሰበውን ባለሙያ አስተዋይነት ከልብ አደንቃለሁ። እኔ በዕድሜዬ ያን ሁሉ የጽሕፈት መኪና ስጠግን የማንንም ጸሐፊ «ሀ» ነቅዬ በ«ፐ» ቦታ ተክዬ አላውቅም። ቢሆንም ምስጋናዬ ይድረስዎት። ሐኪሜ አንገትህን አንቀሳቅስ እያለ ሲለምነኝ ጆሮ ባልሰጠውም፣ ማጥፊያውን ፍለጋ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ስቃኝ አንገቴ ተፍታቷል፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ጠረጴዛ ሥር እየገባሁ ከሶኬቱ መንቀል ስጀምር ደግሞ ወገቤም ተራውን አግኝቷል።

ሁለተኛ፤ ስለ መልሶቻችሁ። ማንኛውም ሞካሪ ጉድለት ሲያገኝ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳገኘ ለይቶ እንዲጽፍ አዛችኋል። ሥርዓት የምወድ ሰው ስለሆንኩ እንደታዘዝኩት ጻፍኩ። ደጋግሜም ጻፍኩ። መልሳችሁ ብዙውን ጊዜ «ችግሩን በእኛ ዘንድ ልናየው አልቻልንም» የሚል ነው። ይህ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ችግሩ የነበረው በእኔ ዘንድ ነዋ። ይሁን እንጂ ባለቤቴ ጥርሴን አመመኝ ስትል «ሕመሙን በእኔ ዘንድ ላገኘው አልቻልኩም» ብዬ ፊቴን አዙሬ ብተኛ፣ በማግስቱ ቁርስ ማን እንደሚያቀርብልኝ እርስዎ ባለትዳር ከሆኑ ይገምቱታል።

ሌላው መልሳችሁ «በታሰበው መሠረት እየሠራ ነው» ይላል። ፕሪንተሬ እያንዳንዱን ገጽ ካተመ በኋላ አንድ ባዶ ወረቀት አስከትሎ ይተፋል ብዬ ብጽፍ ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ይህን ያሰበውን ሰው አንድ ቀን በአካል ባገኘው ደስ ይለኛል፤ ክፉ ነገር አልናገረውም፣ ባዶ ወረቀቶቹን ብቻ አስረክበዋለሁ።

እዚህ ላይ ለሐቅ ስል አንድ ነገር ልጨምር። የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካው ወደ ታች ይሄዳል ብዬ በጠንካራ ቃል የጻፍኩትን ሪፖርት በሚመለከት፣ ልጄ መጥታ ስታይ ማውሱን ያስቀመጥኩት ዘንበል ባለ ወፍራም መጽሐፍ ላይ ስለሆነ ቀስ እያለ እንደሚንሸራተት አሳይታኛለች። «እና ሪፖርቱን አንሳዋ!» አለችኝ። አላነሳሁትም። በቂ ጊዜ ወስዶ የተሠራ ሲስተም የባለቤቱን ጠረጴዛ ሁኔታ ሊያውቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ጉዳይ፣ ኮምፒውተሩ ስለሚያነብበት ድምፅ።

ባለቤቴ ልብ ወለድ አንባቢ ናት። አንባቢ ነበረች ማለት ሊኖርብኝ ነው፣ ግን ይህን ቃል ቤታችን ውስጥ አልናገረውም። ወጥ እያማሰለች በግራ እጇ መጽሐፍ የምትይዝ፣ ያረረውን ወጥ አቅርባ «ተወው፣ ልጅቷ እኮ ተገኘች!» የምትል ሴት ናት። ዓይኗ እየደከመ ሄዶ መነጽርም መፍትሔ እንደማይሆን ሐኪሙ ሲነግረን፣ ማንበቡን እኔ ተረከብኩ። ብዙም አልቆየሁበትም። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ «ይብቃህ አንተ ሰውዬ፣ የሰዎቹን ሰርግ የሌባ ክስ አስመስለህ አነበብከው» አለችኝ። አነባበቤ ትክክል ነበር፤ አንድም ቃል አልዘለልኩም።

የእናንተ የሙከራ ስሪት የደረሰልን በዚያ ሰሞን ነው። በአማርኛ የሚያነብ የሴት ድምፅ ይዞ መጣ። ልጃችን መጻሕፍቱን በፍላሽ ገልብጣ ታመጣለች፣ እኔ እከፍታለሁ፣ ያቺ ሴት ታነባለች። አነባበቧ የሚያስመሰግን ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። ገጽ በጨረሰች ቁጥር ድርግም ትላለች። በስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ሰው ሻይ አንድ ሁለት ጊዜ ፉት ሊል የሚችልበት ጊዜ ያልፍና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጣዩን ገጽ ትጀምራለች።

መጀመሪያ ዝም ስትል ባለቤቴ «ምን ሆነች?» አለችኝ። ተበላሽታ ነው አልኳት። «ተው እንጂ፣» አለችኝ፣ «እያሰበች ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየገጹ መጨረሻ ቤታችን የክርክር አዳራሽ ሆነ። «ይህ ነጋዴ ልጅቷን አያገባትም» ትላለች። እኔ በሌሎች ሰዎች ጋብቻ የምገባ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ዝምታው ሲረዝም ጊዜ ሳላስበው «ለምን አያገባትም?» እላለሁ። «ጫማውን ሦስቴ ሲወለውል አልሰማህም? ጫማውን እንዲህ የሚያይ ሰው ሚስቱን መች ሊያይ ነው?» ትለኛለች። የሰውየው ንጽሕና ምን ያስነቅፈዋል ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት ድምፅዋ ይመለሳል። «ዝም በል፣ መጣች» ትለኛለች። ጥያቄዬን ይዤ እስከሚቀጥለው ገጽ እጠብቃለሁ። ነጋዴው በመጨረሻ ልጅቷን አላገባትም። እኔ ግን ዛሬም ቢሆን ጫማ መወልወል በማስረጃነት ሊቀርብ አይገባም ባይ ነኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ጉድለት ጉድለት ነው። ባለቤቴ ስለወደደችው ጉድለትነቱ አይቀርም። እኔም ሞካሪ ነኝና ግዴታዬን ተወጣሁ፤ ያደረግሁትን፣ የጠበቅሁትንና ያገኘሁትን ለይቼ «ድምፁ በየገጹ መጨረሻ ያለ ምክንያት ይቆማል» ብዬ አመለከትኩ። ሪፖርቱን የጻፍኩት በነጋዴው ጉዳይ በተሸነፍኩ ማግስት መሆኑ ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ፕሪንተሩን ትታችሁ፣ ማጥፊያውን ትታችሁ፣ ከጻፍኩላችሁ ሁሉ ይህችን አንዷን መርጣችሁ በፍጥነት አስተካከላችሁ። «ውድ ሞካሪ፣ ጥቆማዎ ደርሶን ጉድለቱ ተወግዷል፤ ከልብ እናመሰግናለን» የሚለው መልሳችሁ ሲደርሰኝ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። አትሜው ለፀጉር አስተካካዩ አነበብኩለት። ባዶውንም ወረቀት ጭምር ነው ይዤ የወረድኩት።

በዚያው ዕለት ማሻሻያውን ጭኜ አዲስ መጽሐፍ ከፈትን። ሴትዮዋ አነበበች፣ ገጹ አለቀ፣ አልቆመችም። ባለቤቴ «ይህ ልጅ እኮ...» ብላ ጀመረች፤ ልጁ ግን በዚህ መሀል ከቤት ወጥቶ፣ ባቡር ተሳፍሮ፣ ሌላ ከተማ ገብቷል። እጇን ብድግ አድርጋ እንደገና ሞከረች። በማይቆም አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ መውረጃዋ እያለፋት እንዳለ ሰው ሆነች። ከጥቂት ገጽ በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ «ዝጋት። ይህቺ ሌላ ናት» አለችኝ።

ማቆሚያ ቁልፍ አለ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ልጄም ብላኛለች። ባለቤቴ ቁልፉን አታየውም። እኔ ልጫንላት ብል አንድ ቀን ሞከርን። ገጹ ሲያልቅ ተጫንኩ፣ ወደ እሷ ዞሬም ጠበቅኩ። «አሁን አንተ ስትፈቅድልኝ ነው የማወራው?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን ቁልፍ በሲስተማችሁ ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ። ያ ፋታ ከእኔም ከእሷም ባለመምጣቱ ነበር ሁለታችንም የምናወራው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ፊቷን በደንብ ወደማታየው መስኮት አዙራ ትቀመጣለች። እንክፈት ስላት «ደክሞኛል» ትላለች። ደክሟት አያውቅም፤ እኔን ከመሰለ ሰው ጋር ይህን ያህል ዘመን የኖረች ሴት በልብ ወለድ አትደክምም።

አራተኛ፤ በመመሪያችሁ መሠረት አዲስ ሪፖርት አቀረብኩ። የጠበቅሁት፦ ድምፁ በገጹ መጨረሻ እንዲቆም። ያገኘሁት፦ አይቆምም። መልሳችሁ፦ በታሰበው መሠረት እየሠራ ነው። ደግሜ ስጽፍ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው እጅ የወጣ የሚመስል መልስ ደረሰኝ፤ «ውድ ሞካሪ፣ ይህን ጉድለት እንድናስተካክል ያመለከቱን እርስዎ ራስዎ ነዎት» ይላል። የጻፈው ሰው ለዕድሜዬ ስላሳየው ትዕግሥት አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ሪፖርቴን መልሶ ቢያነበው እኔ ያመለከትኩት ጉድለት መኖሩን ነው፤ አስተካክሉ የሚል ቃል አንድ ቦታ ላይ የለም። ቅጻችሁም ቢሆን ያደረግሁትን፣ የጠበቅሁትንና ያገኘሁትን ይጠይቃል እንጂ ምን እንዲደረግልኝ እንደምፈልግ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ባለቤቴን አማክሬ እመልስ ነበር።

አምስተኛ፤ የአሮጌ መኪና ዕቃ እንኳ ጥዬ የማላውቅ ሰው በመሆኔ፣ የቀድሞውን ስሪት በአንድ ፍላሽ አስቀምጬ ነበርና አዲሱን አጥፍቼ እሱን መልሼ ጫንኩ። ሲከፈት «የዚህ የሙከራ ስሪት የአገልግሎት ጊዜ አልፏል» ብሎ ራሱን ዘጋ። ለካስ ጉድለቱን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱ የነበረበትን ዘመን ጭምር ዘግታችሁታል! እኔም ከእናንተ ጋር አልተጣላሁም። የኮምፒውተሩን ቀን መቁጠሪያ ወደ ያለፈው ዓመት መለስኩት። ያን ጊዜ እሺ ብሎ ተከፈተ።

ባለቤቴን ምንም ሳልነግራት መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ፊቷ ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነበር። ገጹ አለቀ፣ ድምፁ ድርግም አለ፣ ክቧ መዞር ጀመረች። ባለቤቴ ቀስ ብላ ወንበሯን አዞረችና «መጣሽ? የት ጠፍተሽ ነው?» አለቻት። ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ «ይህ ልጅ እናቱን ሳይሰናበት ነው የወጣው፣ ይቆጨዋል፣ አየህ?» አለች። አይቆጨውም አልኩ። ልጁን አላውቀውም፤ ግን አንድ ሰው አይቆጨውም ማለት ነበረበት።

እንግዲህ ቤታችን በዚህ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ያለፈውን ዓመት ይኖራል፤ ጊዜው ሊያልፍበት ሲቃረብ መልሼ ወደ ኋላ አዞረዋለሁ። ልጃችን «አባዬ፣ እንዲህ ሆኖ እስከ መቼ?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ከኢንተርኔት ጋር ተቆራርጠናል፤ የምከፍተው ገጽ ሁሉ የኮምፒውተርዎ ቀን ትክክል አይደለም ብሎ በሩን ይዘጋብኛል፤ የእናንተም ገጽ ከአምና ለመጣ ሰው አይከፍትም። ይህንን ደብዳቤ እንደ ወትሮው በቅጻችሁ መላክ ያልቻልኩትና አትሜ በጋዜጣ እንዲያወጣልኝ ለአንድ አዘጋጅ በእጄ የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው። ኮምፒውተሩም እንደ ባለቤቱ አርጅቷል። የሞተ ዕለት አዲሱ የሚመጣው ከእናንተ የማያቋርጥ ድምፅ ጋር ነው። ዋናው ስሪታችሁ በቅርቡ ለሁሉም ሰው እንደሚለቀቅ ከጋዜጣ አንብቤያለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሞካሪን ቃል የሚሰማ እንደማይኖርም አውቃለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጉድለታችንን ይመልሱልን። ለሁሉም ይሁን አላልኩም፤ መቸኮል የሚወድ ይቸኩል። ሴቲንግ ከሚባሉት ቅንብሮች መካከል በአንድ ጥግ ድምፁ በየገጹ መጨረሻ ዝም እንዲል የምታደርግ አንዲት ምልክት ይትከሉልን። ከፈለጉ እዚያው የሰው ራስ ውስጥ ይደብቋት፤ ፈልጌ አገኛታለሁ፣ አንገቴ ለምዷል። ይህን ካደረጉልኝ ስለ ማጥፊያው ያቀረብኩትን አቤቱታ በሙሉ አነሳለሁ። የፕሪንተሩን አላነሳም።

ለሰጡኝ የሞካሪነት ክብር፣ ላስለመዱኝ ትዕግሥት፣ ላጠነከሩልኝ ወገብና በሕይወቴ በትክክል ለተሰማልኝ ብቸኛ አቤቱታ እጅግ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ረጅም ዕድሜ፣ የተረጋጋ ሲስተምና አንዳንዴም የሚቆም ነገር እመኛለሁ።

የማያቋርጥ አክባሪዎ፣
ውድ ሞካሪ
የቀድሞ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ከላይ ቀን ያልጻፍኩት ኮምፒውተሬ አምና ነው ስለሚልና እኔም የተሳሳተ ቀን ያለበት ደብዳቤ ስለማልፈርም ነው። ነገሩ ግን ለእርስዎ ይመቻል፤ በእኛ ቤት ገና ያለፈው ዓመት ስለሆነ ጉድለቱን እስካሁን አላስተካከሉትም፤ ስለዚህ እንዳያስተካክሉት በቂ ጊዜ አለዎት። ይህን ደብዳቤ ያችው ሴት ለባለቤቴ አንብባላታለች፤ በአንደኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ «ለሰውዬው ትንሽ ለስለስ በልለት» አለችኝ፤ በሁለተኛው ላይ እንቢ አልኩ። መልስዎ ቢዘገይም አንቀየምም። እዚህ ቤት ዝም ያለ ሁሉ እያሰበ ነው ተብሎ ይታመናል፤ በእርስዎ ጉዳይ እኔ እጠራጠራለሁ፣ ባለቤቴ ግን እስካሁን ታምናለች።